የሩቅ ወሬ

ቂርያት ጋት፣ ኅዳር 22 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመምህር ይኄይስ፣

የአብርሃም አምላክ ደጃችሁን ይጠብቅ፤ እናቴን ከወገቧ ሕመም ያሳርፍልኝ፤ ወንድሜን ሰጠውን ከሄደበት መልሶ እናንተ ፊት ያቁምልኝ። ለእኔ አታስቡ፤ ከእናንተ መለየቴ ካልሆነ የጎደለብኝ የለም። ቀኑን በእኛው አቆጣጠር የጻፍሁት እርስዎ እንዳይቆጡኝ ነው። እዚህ የፈረንጁም የአይሁዱም አቆጣጠር ስላለ ዛሬ ስንት ነው ስባል ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

እትዬ ሸጋዬ ለወንድሟ ለእርስዎ እጅ ነስታለች። የኢንዱስትሪ ቀጠና በሚሉት ሰፈር አንድ ክር ፋብሪካ ገብታለች። የመኪናው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ሆኖ አብሯት ይመጣል፤ ራት ላይ ሳናግራት «ምን አልሽ?» እያለች ትጮኽብኛለች። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከእኛ በታች ያሉት የሞሮኮ አይሁዶች ናቸው፤ ሲጣሉ የተጋደሉ ይመስለናል፣ ወዲያው ደግሞ አብረው ሲስቁ እንሰማለን።

እኔ ትምህርቴን ቀጥያለሁ። ሚሪ የምትባል የፊዚክስ አስተማሪ አለችን። እዚህ አስተማሪ የሚጠራው በስሙ ብቻ ነው፤ እኔ ግን አፌ እምቢ እያለኝ «መምህርት ሚሪ» ስላት ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። ለባግሩት፣ ማለት ለእነሱ ማትሪክ፣ ሁላችንም አንዳንድ የሰማይ ነገር አጥንተን በሚመጣው ዓመት ጽሑፍ እንድናስረክብ አዘዘችን። ለእኔ የደረሰኝ ጋላክሲ ነው። ስም እንኳ የላትም፤ ቁጥር ናት፤ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ስምንት። መጽሐፈ ኢዮብ «ድብ» ከሚለው ኮከብ አካባቢ ናት፣ ግን በዓይን አትታይም። ፎቶዋን ሳየው ጋደል ብሎ የተያዘ ሰፌድ መሰለችኝ። መሀሏ ወደ ቢጫ ይላል፤ ከመሀሏ ተጠማዝዘው የሚወጡ ክንዶች አሏት፤ ክንዶቿ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ። ዛሬ የምናየው ብርሃን ከእሷ ከተነሣ ወደ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል ይላሉ። እስካሁንም ከእኛ እየራቀች ነው፣ በሰከንድ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ።

በመስከረም ለወንድሜ ለሰጠው የጠየቁኝን ጫማ ገዝቻለሁ፤ ቡናማ ነው፣ ሶሉ ወፍራም። ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ። ግንቦት ላይ ሁላችንም ወደ እስራኤል ልንወጣ ተነሥተን ሳለ «ታፍሶ የሄደ ልጃችን ከግንባር ሳይመለስ ደጃችንን ዘግተን አንሄድም» ብላችሁ ስትቀሩ፣ እናቴ እኔን ወደ እትዬ የገፋችበት እጅ አሁንም ትከሻዬ ላይ አለ። ስለ ሰጠው የተሰማ ነገር ካለ ቶሎ ይጻፉልኝ። ሁለታችሁም ያላችሁበት ፎቶም ይላኩልኝ።

ልጅዎ ንጋት

ጎንደር፣ ጥር 6 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለንጋት፣

በሄድሽበት ቅን ይግጠምሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ ክፉ ዓይን አያግኝሽ። እኛ አለን። የእናትሽ ወገብ እንደ አየሩ ነው፣ ሲያሻው ይበርዳል ሲያሻው ይሞቃል።

ማዕተቧን በጠሰች የሚል ወሬ ከእናትሽ ጆሮ ደርሶ ሁለት ቀን አኩርፋ ከረመች። እኔ ግን «አያቴ አንገቱ ላይ ሳያስር ነው የኖረ፤ እኛ ተጠምቀን ያሰርነውን እሷ ፈታችው፣ ምን ጉድ አለው?» ብዬ ዝም አሰኘኋት። ዝም አለች እንጂ አላመነችም።

ወላጅ ልጁን ባሕር ማዶ ልኮ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ይጠብቃል፤ አንቺ ቁጥር የሆነች ሰፌድ ይዘሽ መጣሽ። ጎረቤት ልጅሽ ምን ትማራለች ሲላት እናትሽ «ሰማይ» ትላለች። የቄስ ትምህርት መስሏቸው ይመርቁሻል። እኔም አላረምኋቸውም፣ ምርቃት አይጠላም።

አንድ ነገር ግን ጠይቂልኝ። ሰፌድሽ ትዞራለች ወይ? ከዞረችስ መሀሏና ዳሯ እንዴት ነው የሚሮጡት? በእኛ ፀሐይ ዙሪያ ቅርብ ያለው ይሮጣል፣ ሩቅ ያለው ይንፏቀቃል። ሜርኩሪ እንደ ፈረስ፣ ፕሉቶ እንደ ኤሊ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማርሁት ይህን ስለሆነ የአንቺይቱም ዳር መዘግየት አለበት።

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ጦሩ ሲበተን ብዙው ልጅ ወደ ሱዳን ነው የገባው። ከከሰላ የተመለሰ አንድ የአዘዞ ልጅ «ሰጠውን በመጠለያው አይቸዋለሁ፤ ከስቷል እንጂ በሕይወት አለ» ብሎናል። በመተማ በኩል እየገቡ ነው። እናትሽ መደቡን ጠርጋ አንጥፋለታለች፤ እኔ ልቀመጥበት ስል ታስነሣኛለች። ጫማውን ቶሎ ላኪው። ከዚያ በእግሩ የሚመጣ ልጅ ጫማ አይተርፈውም።

አባትሽ ይኄይስ

ቂርያት ጋት፣ የካቲት 18 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመምህር ይኄይስ፣

ይህን ወሬ ያሰማኝ አምላክ ስሙ ይክበር። ደብዳቤዎን ደረጃው ላይ ቆሜ አንብቤ እልል ስል ከታች ያሉት ሰዎች በራቸውን ከፈቱ። በዕብራይስጥ «ወንድሜ አለ» አልኋቸው። ሴትዮዋ ሳታውቀኝ አቀፈችኝ፤ እኔም አልቅሼ ሽርጧን አበላሸሁባት።

ጥያቄዎን ለሚሪ ነገርኋት። «አባትሽ ምንድን ነው ሥራው?» አለችኝና ከወንበሯ ተነሣች። ለካ የጠየቁት ነገር የዚህች ጋላክሲ ዋና ነገር ኖሯል። ሰፌዷ ትዞራለች። ስትዞር አንዱ ዳሯ ከሌላው ይልቅ ከእኛ ይሸሻል፤ የሚሸሽ ብርሃን ደግሞ ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ ሁለቱን ዳር አስተያይተው ፍጥነቱን ያወጡታል። ዳሯ ግን አልዘገየም። መሀል አካባቢ ያለውም ዳር ያለውም እኩል ይሮጣል፣ በሰከንድ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል። ከክንዶቿ አልፎ በሬዲዮ ብቻ የሚገኝ ጋዝ አለ፤ እሱም አልዘገየም። የሚታየው ኮከብ ሁሉ ቢደመር ይህን የሚይዝ ክብደት የለውም፤ መበተን ነበረባት። ሚሪ የማይታይ ክብደት አለ ትላለች።

በረሃ ወስደውን በቴሌስኮፕ አይተናታል። ትንፋሽ የነካው መስታወት ነው የምትመስለው፣ ሌላ ምንም የለም። የልጆቹ ፊት ሲጨልም እኔ ደስ አለኝ፤ ስለማውቃት ይሆናል።

ሰማያዊዎቹ ነጠብጣቦች ምን እንደሆኑም ተማርሁ። ትልልቅና ትኩስ ኮከቦች ናቸው፤ ያላቸውን በአንዴ አቃጥለው በወጣትነት ይሞታሉ። ቢጫዎቹ ግን ቆጣቢዎች ናቸው፣ ዕድሜያቸው ረዥም ነው። ሰጠውን አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ። የእናቴን የሳምንት ቅቤ በአንድ ቁርስ የሚጨርስ እሱ አልነበር? «አንተ ሰማያዊ» ብላሃለች በሉልኝ።

ጫማውን የሚያደርስ፣ ከፋሲካ በኋላ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ገና እንደገባ ይጻፉልኝ። ፎቶውን አይርሱ፣ አሁን ሦስታችሁም ሆናችሁ።

ልጅዎ ንጋት

ጎንደር፣ ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለንጋት፣

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናው። ዘገየህ ብለሽ አትቀየሚኝ። ብዕር ሳነሣ አንድ ነገር ይመጣል፤ ስተወው ሌላ ይመጣል።

ቤታችን ሰው አይጠፋውም። ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እናትሽ ብቻዋን ሆና አታውቅም፤ ስለ እሷ አታስቢ። እኔም ጥቂት ጊዜ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ነበር፤ መተማ ደርሼ ተመልሻለሁ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ከዚያ ያመጣሁት ሳል እስካሁን አልለቀቀኝም።

ጫማውን ተይው። አትላኪው። እዚያው ለሚያስፈልገው ሰው ስጪው። ፎቶውም ይቆየን፤ እናትሽ አሁን ፎቶ መነሣት አትፈልግም። የሰጠው ነገር በእግዚአብሔር እጅ ነው።

የማይታይ ክብደት ያልሽውን አልተቀበልሁም። የሚታየው ተቆጥሮ ከፍጥነቱ ጋር አልገጥም ካለ የተሳሳተው ስሌቱ ነው። እንደገና ሥሪው። ስለ ሰማያዊዎቹ ግን ሁለተኛ አትጻፊልኝ።

ፈተናሽን በደንብ ተፈተኚ። ሌላ ሌላውን አታስቢ።

አባትሽ

ቂርያት ጋት፣ ሐምሌ 8 ቀን 1984 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመምህር ይኄይስ፣

ሳልዎን አምላክ ያርቅልዎ፤ እናቴን ይጠብቅልኝ። ፈተናዬን ጨርሻለሁ፣ ክፉ አልነበረም።

ስሌቱን እንደገና ሠራሁት። ሚሪም ሠራችው። ያው ነው። የሚታየውን ብቻ ካመንን ሰፌዷ መበተን አለባት፤ አልተበተነችም። ማየት ባይቻልም ከዳር እስከ ዳር የሞላት ከባድ ነገር አለ። የሚታወቀው በኮከቦቹ ሩጫ ነው።

ከዚያ ደብዳቤዎን አውጥቼ እንደዚያው አነበብሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴን እንደ ጋላክሲ መመርመር ነውር ነው፤ ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቤታችሁ ሰው የማይጠፋው ለምንድን ነው? መከር አይደለም፣ ሰርግ የለብንም። እናቴ ስቃ ፎቶ የምትነሣ ሴት ነበረች፣ አሁን ምን ሆና ጠላችው? ሃያ ዓመት አንድ ቀን ያልቀሩ መምህር መተማ ምን ሊያደርጉ ወረዱ? ጫማውስ? መንገደኛው ሳይሄድ ቀርቶ እስካሁን እኔው ዘንድ ነው፤ «ቶሎ ላኪው» ብለው አስቸኩለውኝ ነበር።

እዚህም እንደዚያው ነው። ጋሽ ደርበው፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ በምኩራቡ ደጅ ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው ይቆያሉ። ከዚያ ይለቁኛል። እትዬ ሸጋዬ ቴፑን ከፋሲካ ወዲህ ከፍታው አታውቅም። ሴቶች ቡና ተጠራርተው ሲያወሩ እኔ ስገባ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይጀምራሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለም? እኔም ሽንኩርቱን አብሬ አወራለሁ።

አባዬ፣ ሰጠው አለ ወይስ የለም? በአንድ ቃል ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ንጋት

ጎንደር፣ ነሐሴ 6 ቀን 1984 ዓ.ም.

ልጄ ንጋት፣

አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የጠየቅሽው ነገር በወረቀት የሚመለስ አይደለም። ለጋሽ ደርበው ጽፌላቸዋለሁ። እሳቸውንና አክስትሽን ስሚ።

አባትሽ

ቂርያት ጋት፣ መስከረም 4 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የወንድሜን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። ይህን ልላችሁ የሚገባኝ በመጋቢት ነበር።

የእርስዎ ወረቀት ሐሙስ ደረሰኝ። እሑድ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ደርበው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው ስድስት ሰባት ሰው። እትዬ ሸጋዬ ለብሳ ነበር፤ ሳትተኛ ነው ያደረችው። አንዲት ሴት ዞራ ከኋላዬ ቆመች፤ ስወድቅ ልትይዘኝ እንደሆነ አውቄያለሁ። መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው፤ በስሜ። ጋሽ ደርበው «ልጄ፣ ሰጠው መተማ ላይ በወባ አርፏል» አሉኝ። እኔ ግን አልወደቅሁም። «መቼ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። መርዶ የተነገረው ሰው ይጮኻል እንጂ መቼ ብሎ አይጠይቅማ። ጋሽ ደርበው አንገታቸውን ደፍተው «በመጋቢት» አሉ። መጋቢት! የፋሲካን ቂጣ የበላነው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው። ጫማውን ለመንገደኛው ልሰጥ ቀለም ቀብቼው ነበር። እኔ ፎቶ ስጠብቅ፣ ቅቤ ይጨርስ ነበር እያልሁ ለሰው እያወራሁ ስስቅ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ፈተናዋን ትጨርስ ብላችሁ ተስማምታችሁ ያዛችሁት።

ከዚያ ሴቶቹ ፍራሽ አንጥፈው ለሰባት ቀን ልቅሶ ተሰናዱ። ወደ አይሁድነታችን ስንመለስ ሕጉን የሚያስተምሩንን ራቭ፣ የአይሁድ ቄስ እንደ ማለት ነው፣ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ለምን ጠየቅሽ ይሉኝ ይሆናል። እኛ ተጠምቀን የኖርን ሰዎች ሕጉን አንድ ጊዜ ብንስት «ልቧ አልተመለሰም» ይሉናል፤ ስለዚህ ውሃ ለመጠጣትም እንጠይቃለን። ራቭ ደግ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ገልጠው አሳዩኝ። ሰው ዘመዱ በሞተ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከሰማ ሰባት ቀን መሬት ይቀመጣል። ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ ከሰማ ግን የሩቅ ወሬ ይባላል። ለሩቅ ወሬ የሚቀመጡት አንድ ሰዓት ነው።

አንድ ሰዓት፣ አባዬ። ለሰጠው።

ቤት ተመልሼ መሬት ተቀመጥሁ። ልቅሶው እንኳ አልመጣልኝም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሳይ አለቀብኝ። ስነሣ ሴቶቹ ገና መጀመራቸው ነበር። እነሱ ራቭን አልጠየቁም፤ እንደ አገራቸው ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። እኔ ተነሥቼ ውሃ አቀረብሁላቸው። ሰባት ቀን ሙሉ እነሱ ለወንድሜ አለቀሱ፣ እኔ አስተናገድሁ።

እንዳልጎዳ ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። ግን ሰባት ቀኔን ወሰዳችሁብኝ። የዚያች ጋላክሲ ብርሃን ሰው ሳይፈጠር ተነሥቶ እኔ ዘንድ ደርሷል፤ የወንድሜ ወሬ ከመተማ ቂርያት ጋት መድረስ አቃተው።

አንድ ነገር ማሉልኝ። ከእንግዲህ በቤታችን የሆነ ነገር ቢሆን በዚያው ቀን በቴሌግራም ይነገረኝ። ሽማግሌ አይላክብኝ። ካልማላችሁልኝ የምትጽፉትን ደግ ወሬም አላምንም።

ንጋት

ጎንደር፣ ጥቅምት 25 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለንጋት፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የቀረው ዕድሜው ለአንቺ ይሁንልሽ።

ቁጣሽን ተቀብያለሁ። ሁሉንም ልንገርሽ፤ ከዚህ በኋላ የምደብቅበት ጉልበትም የለኝ።

ሰጠው መተማ ደርሶ ታሞ ተኝቷል የሚል መልእክት በየካቲት መጨረሻ ደረሰን። በጭነት መኪና ወረድሁ። ከአንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አገኘሁት። አባቱ መሆኔን ያወቀው በድምፄ ነው። ስወጣ ደብዳቤሽ ገና ደርሶኝ ስለነበር ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ትኩሳቱ ረገብ ባለለት ጊዜ አነበብሁለት። እልል ማለትሽን ስነግረው ጥርሱ ታየ። ጋላክሲዋ ጋ ስደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር፤ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ባቆም «ቀጥል» አለኝ። ስለ ሰማያዊዎቹ የጻፍሽው ጋ ስደርስ ግን ዘለልሁት። ሃያ ዓመት ሳስተምር የዘለልሁት አንቀጽ እሱ ብቻ ነው።

ስጨርስ ምን አለ መሰለሽ? «ያ ሁሉ ኮከብ እንዲያ እየሮጠ ማን ነው የያዘው?» አለ። እኔም ንጋት ትድረስበትና ትነግርሃለች አልሁት። በሦስተኛው ቀን አረፈ። እዚያው ቀበርሁት። አፈሩ ትኩስ ነበር፣ በእጄ ነው የመለስሁት።

እናትሽ መርዶውን ፊቴ ላይ አነበበችው፤ መንገር አላስፈለገኝም። ጸጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች። ፎቶ ያልላክንልሽ ለዚህ ነው። በዚያው ሳምንት ለአንቺ በወረቀት እንዳልጽፍ በሰጠው አጥንት አስማለችኝ። አትፍረጂባት። መርዶ በሰው እጅ ነው የሚነገር። ወረቀት አያቅፍም፤ ስትወድቂ ከኋላ አይቆምልሽም። አውቶቡስ ላይ ብታነቢውስ? እያለች እንቅልፍ ከለከለችኝ። ስለ ሠላሳው ቀን ግን አናውቅም ነበር። አያቶቻችን ያውቁት እንደሆነ እነሱም ሳይነግሩን ሞተዋል። ብናውቅስ ኖሮ እንጽፍልሽ ነበር ወይ? ዋሽቼ አዎ አልልሽም።

ማሉልኝ ላልሽው። የእኔን መርዶ እኔ ልልከው አልችልም፤ ያ የእናትሽ ፋንታ ነው። ደብዳቤሽን አነበብሁላት። ሰባት ቀኔን ወሰዳችሁብኝ ያልሽው ጋ ስደርስ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። እስከ ዛሬ ስለ እሱ ቃል አልተነፈሰችም።

እኔ ግን ድርሻዬን ልወጣ። ሳሉ ወባም ብርድም አይደለም። ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ተነሥቻለሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ ሳምባዬ ላይ ያለውን ጥላ አሳየኝ፤ ክፉ ነገር ነው አለኝ። መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ሌላም አገር ብዙ የለም። ይህን የነገርሁሽ ደበቅኸኝ እንዳትይኝ ነው።

ስሌትሽ ትክክል ነበር።

አባትሽ ይኄይስ

ቂርያት ጋት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመምህር ይኄይስ፣

ሳምባዎን የፈጠረ አምላክ ይዳስስልኝ። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አይጠይቁኝ። ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አለቀስሁ፤ ግን በጊዜው ነው ያለቀስሁት፣ ያ ደግሞ ሌላ ነው።

እናንተን ለማስመጣት ያመለከትሁበት ቢሮ ገና ነው ይላል። እኔም መጥቼ እንዳላይዎት ወደ አይሁድነት መመለሻውን ትምህርት ሳልጨርስ አገር ብለቅ መዝገቤ ይዘጋል አሉኝ። እትዬ ሸጋዬ ከፋብሪካው ስትመለስ ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ የልጅነታችሁን ታወራልኛለች፤ እርስዎ ከዛፍ ወድቀው እሷ የተገረፈችበትን። አሁንም ፍትሕ ትፈልጋለች።

ጽሑፌን አስረከብሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰጠውን ጥያቄ ጻፍሁት፤ ያ ሁሉ ኮከብ እንዲያ እየሮጠ ማን ነው የያዘው? ሚሪ የማን ነው ስትለኝ የወንድሜ አልኋት። «ለዚህ መልስ ያለው ሰው በዓለም ላይ የለም» አለችኝ። «ትድረስበትና ትነግርሃለች» ብለውት ነበር፤ እኔም አልደረስሁበትም አባዬ፣ ማንም አልደረሰበትም።

ከዚህ በታች ያለውን ለእናቴ ያንብቡላት። እርስዎም ሲያነቡ አይዝለሉ።

እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። አልተቀየምሁሽም። እንዳልወድቅ ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ብወድቅም ልውደቅ። የወደቀ ይነሣል፤ እኔ ግን ሳልወድቅ ቆሜ ቀርቻለሁ፣ ያ ነው የከበደኝ። አባዬ እንዴት እንዳለ የምታይው አንቺ ነሽ። ቀኑ የመጣ እንደሆነ ሰው ላሰባስብ፣ ሽማግሌ ልላክ፣ ይንጋ አትበይ። እኔን ከሰው ሁሉ በኋላ አታድርጊኝ።

ልጃችሁ ንጋት

ቴሌግራም፤ አማርኛው በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ
ከጎንደር፣ የካቲት 2 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለንጋት ይኄይስ፣ ቂርያት ጋት

አባትሽ አሁን አረፈ። ገና አልተገነዘም። ጎረቤት አልሰማም። መጀመሪያ ለአንቺ ነው። ተቀመጪ ልጄ።

እናትሽ የሻሽወርቅ